ያውቁ ኖሯል? ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች እንዴት ልብ ያንጠለጥላሉ?

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ይዘዋል እንበል። ጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ፤ ተመልካቹ ግን አያውቅም። ሲፈነዳ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ከ15 ሰከንድ አያልፍም። አሁን ደግሞ ቦምቡ ሲጠመድ ለተመልካቹ አስቀድመው ያሳዩት፤ የግድግዳውንም ሰዓት ጭምር። ያው እንቶ ፈንቶ ወሬ ለ15 ደቂቃ መቀመጫ ያሳጣል፤ ‹‹ኧረ ተነሱ!›› ብሎ መጮህ ያምራል። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ምሳሌ የነገረው በ1962 ቃለ ምልልስ ላደረገለት ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ንግግራቸው በ1966 በመጽሐፍ ታትሟል፤ እስከ ዛሬም የፊልም ተማሪዎች ይማሩበታል።

በ1931ዱ የጀርመን ፊልም ‹ኤም› ውስጥ የሕፃናቱ ገዳይ ፊቱ ከመታየቱ በፊት ጥላውና ፉጨቱ ይቀድማሉ። ኋላም ማንነቱን በፉጨቱ የሚለየው ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው። ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል የምንሰማው የዳይሬክተሩን የፍሪትዝ ላንግን ፉጨት ነው።

በ‹ሳስፒሽን› (1941) ባል ለሚስቱ ወተት ይዞ ደረጃ ሲወጣ ዓይናችን ከብርጭቆው አይነቀልም። ሂችኮክ ወተቱ ውስጥ አምፖል አስገብቶ ስላበራበት ነው።

የ‹ሳይኮ› (1960) ዋና ተዋናይት ፊልሙ ገና ሳይጋመስ እንደምትገደል ያውቁ ኖሯል? በዚያ ዘመን ይህን የጠበቀ አልነበረም። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ ሲኒማ ቤቱ እንዳይገባ የተከለከለውም አርፍዶ የመጣ ሰው እሷን ሲጠብቅ እንዳይቀር ነው። የሻወሩ ግድያ በፊልሙ ላይ 45 ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው፤ ቀረጻው ግን አንድ ሳምንት ፈጅቷል። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይለይም። የቢላው ድምፅ ደግሞ ሜሎን እየተወጋ የተቀዳ ነው። ልብ ብለው ይዩት፦ ቢላው ይነሳል፣ ውኃው ይወርዳል፣ እጅ መጋረጃውን ይጨመድዳል፤ ቁስል ግን አይታይም። ቁስሉን የሚሥለው የእርስዎ አእምሮ ነው። ኤዲቲንግ ለሚማር ሰው ከእነዚህ 45 ሰከንዶች የተሻለ መምህር አላውቅም። ሂችኮክ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ ሊያሳልፈው ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊንና በመሰል ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ያንን የሚጮህ ሙዚቃ ሠርቶ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ለወጠ።

ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ዙሙ ወደ ተቃራኒው ቢሄድ፣ ቦታው ራሱ የሚለጠጥ ይመስላል። ይህ ዘዴ በ‹ቨርቲጎ› (1958) የታየው ከፍታ ላይ ሲቆም የሚያዞረውን መርማሪ ስሜት ለማሳየት ነበር። ስቲቨን ስፒልበርግ ወስዶ በ‹ጆውስ› (1975) ባሕር ዳር የተቀመጠው የፖሊስ አዛዥ ፊት ላይ ተጠቀመበት። በዚያው ፊልም ሜካኒካሉ ሻርክ ጨዋማው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ወጣቱ ዳይሬክተር ሻርኩን ደብቆ በሙዚቃና በሚንሳፈፉ ቢጫ በርሜሎች ተካው። ከታየው ይልቅ ያልታየው አስፈራ።

በ‹ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ› (1991) ወንዶቹ ጆዲ ፎስተርን ሲያናግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ሌንሱን ነው፤ እሷ ግን ትንሽ ወደ ጎን ታያለች። ነፍሰ ገዳዩ ሐኒባል ሌክተር የሚያፈጠው እኛ ላይ ነው ማለት ነው።

ክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ‹ፎሎዊንግ›ን (1998) የሠራው በ6 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑንስ? ሁሉም በአዘቦት ቀን ሥራ ስለነበራቸው ቀረጻው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ አንድ ዓመት ያህልም ወሰደ። ጥሬ ፊልም ውድ ስለሆነ ተዋናዮቹ እንደ ቴአትር አስቀድመው ይለማመዱና አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይቀረጻሉ።

ኮሜዲያኑ ጆርዳን ፒል በ‹ጌት አውት› (2017) ሰውን በሻይ ስኒና በማንኪያ ድምፅ አስፈራ። በ4.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው፣ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ፊልሙ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ እሱም በኦሪጅናል ስክሪፕት ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ሆነ።

የስቲቨን ሶደርበርግ ‹አንሴን› (2018) ደግሞ የተቀረጸው በአይፎን 7 ፕላስ ነው። ያለፈቃዷ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ስለተያዘች ሴት የሚተርክ ነው፤ ስልኩ ፊቷ ሥር ስለሚጠጋ፣ እውነቷን ይሁን አይሁን ለመለየት ዓይኗን ከመመርመር በቀር ምርጫ የለዎትም።