ስለ እህል እርሻ ወጭና ትርፍ፤ በፍግና በፋብሪካ ማዳበሪያ

በሞጣ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት መሬት በየዓመቱ ከእህሉ ጋር ኃይሉን ይሰጣል፤ ያልተመለሰለት እንደ ሆነ ይደክማል። የሚመለስለትም ከበረት በሚወጣ ፍግ፥ ወይም ከፋብሪካ በሚመጣ ማዳበሪያ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚረባ የሚታወቀው ወጭው ከተቀነሰ በኋላ በጎተራ በሚቀረው እህል ነው።

የፋብሪካው ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ እየታወቀ የሄደው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመን ሲመከር የኖረው ልክ ለአንድ ሄክታር፥ ማለት ለአራት ጥማድ ያህል መሬት፥ አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበረ። በዳፑ ውስጥ 18፥ በዩሪያው ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ ድምሩ 64 ኪሎ ይሆናል። የደረቀ ፍግ ግን ናይትሮጅኑ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ቢሆን፥ ይህንኑ ልክ ለማግኘት ከ60 ኩንታል በላይ ተሸክሞ ወደ ማሳ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያውም አዝመራው ሁሉንም በአንድ ክረምት አያገኘውም። እንግዲህ ፍግ በነጻ ይገኛል ማለት ስሕተት ነው፤ ዋጋው ጉልበት ነው። ከብት የሌለው ሰውማ ከየት ያመጣዋል? ከብት ያለውም እበቱን ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ እንጨት ውድ በሆነበት አገር አይፈረድበትም።

በሌላው ወገን የፋብሪካው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ ዋጋው በሞጣ አይቈረጥም። ቀድሞም ሲወጣ የነበረው የዓለም ዋጋ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ይብሱን ናረ። ደግሞም ገንዘቡ የሚፈለገው በክረምት መግቢያ፥ ጎተራ በጐደለበት ጊዜ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ግን እህል በሚረክስበት በመከር ወራት ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ስንት ቁና ጤፍ እንደሚበላ መቈጠር የሚገባው በመከሩ ዋጋ ነው። ዩሪያ የበዛበት ጤፍም ይጋደማልና ልክ ማለፍ ሁለት ጊዜ ያከስራል።

ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ መብቀሉ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ቡና በውጭ አገር ገበያ በብልጫ ዋጋ ይሸጣል። በአገር ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ግን ንጣቱንና ጥራቱን እንጂ በምን እንደ በቀለ አይጠይቅም። የፍግ ትርፍ እንግዲህ ሳይበደሩት በቀረው ገንዘብና በመሬቱ መለስለስ ነው።

ባቄላና ሽምብራ በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳት አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስዱ፥ በተከታዩ ዓመት በዚያው ማሳ የሚዘራው ስንዴ የሚፈልገው ዩሪያ ያንሳል። ፍጉም ሸክሙ እንዲቀል ለቤት ቅርብ ለሆነው ማሳ ቢሰጥ፥ የሚገዛው ማዳበሪያ ለሩቁ ብቻ ይሆናል።