ቀጠሮ አክባሪዋ የፖስታ መርከብ

ዛሬ አሜሪካ ያለው የልጅ ልጃችን ጥርስ ማብቀሉን በስልክ እያየን እልል እንላለን። ከ180 ዓመታት በፊት ግን ከእንግሊዝ አገር አትላንቲክን የተሻገረ ልጅ ለእናቱ «ደኅና ነኝ» የሚላት በደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን የሚያደርሱት የሸራ መርከቦች ደግሞ በነፋስ ፈቃድ የሚሄዱ ናቸው። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባቸው ጉዞው አምስትና ስድስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ይህን ጭንቀት ካቀለሉት አንዷ ብሪታኒያ የተባለችው የእንግሊዝ የፖስታ መርከብ ናት። ታሪኳን ላጫውታችሁ። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1839 የእንግሊዝ መንግሥት ሳሙኤል ኩናርድ ከተባለ የሃሊፋክስ ነጋዴ ጋር ውል ተፈራረመ። ሃሊፋክስ በዛሬዋ ካናዳ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ውሉ፣ ደብዳቤ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በተቆረጠለት ቀን ከሊቨርፑል ወደ ሃሊፋክስና ቦስተን ይሂድ የሚል ነበር። መንግሥት ለኩናርድ በየዓመቱ ይከፍለዋል፤ ቢዘገይ ደግሞ ይቀጣዋል። እሱም አራት እኅትማማች መርከቦች አሠራ፦ ብሪታኒያ፣ አካዲያ፣ ካሌዶኒያና ኮሎምቢያ።

ብሪታኒያ ከእንጨት የተሠራች፣ 63 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ ነበረች። በግራና በቀኝ ጎኗ እንደ ወፍጮ መዘውር የሚሽከረከሩ ትልልቅ የመቅዘፊያ ጎማዎች ነበሯት። በቀን 40 ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል ትበላለች። ለክፉ ቀን ሦስት የሸራ ምሰሶም ነበራት። ጁላይ 4 ቀን 1840 ከሊቨርፑል ተነስታ በ12 ቀን ከ10 ሰዓት ሃሊፋክስ ገባች።

እኔን እንደ ነርስ የሳበኝ አንድ ነገር አለ። መርከቧ ላይ ላም ነበረች! በዚያ ዘመን ወተት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ስላልነበረ፣ ለሕፃናትና ለሴቶች ትኩስ ወተት እንዲገኝ ላሟ አብራ ትሳፈራለች። ወተት ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ያለው ግንኙነት ገና ስላልታወቀ ይፈላ አይፈላ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ያም ሆኖ በማዕበል መካከል ለሕፃን ወተት ማሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ከተሳፋሪዎቿ ዝነኛው ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1842 ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር ተሳፍሮ፣ በከባድ ማዕበል እየተናጠ ከ18 ቀን በኋላ ቦስተን ደረሰ። የተኛባት ክፍል ጠባብነት በጣም ስላስገረመችው በመጽሐፉ ቀልዶባታል። ባልና ሚስቱ አራት ልጆቻቸውን ለዘመድና ለወዳጅ አደራ ሰጥተው ነበር የሄዱት። የመጨረሻው ገና ዓመት አልሞላውም። የአራቱን ልጆች ሥዕል ይዘው በየደረሱበት ያኖሩት ነበር። ከዚያም ከቤት ደብዳቤ የያዘችው እኅቷ ካሌዶኒያ ቀኗ አለፈ፤ አልመጣችም። ባለፈው ዓመት ፕሬዚደንት የተባለች መርከብ ከነሰዎቿ ባሕር ላይ ስለጠፋች ሁሉም ፈራ። ካሌዶኒያ ግን በማዕበል ተጎድታ ወደ ኋላ ተመልሳ ኖሮ፣ ደብዳቤዎቹ በሌላ መርከብ ደረሱ። የልጅ ወሬ መጠበቅ ለዝነኛ ደራሲም ያው ነው።

በ1844 ክረምት ደግሞ የቦስተን ወደብ በረዶ ሆነ፤ ብሪታኒያም ውስጡ ታሰረች። የከተማው ነጋዴዎች «ይህ ከታየ መርከቦቹ ወደ ኒውዮርክ ይዞራሉ» ብለው ሠጉ። በራሳቸው ወጪ ሠራተኛ ቀጥረው፣ በመጋዝ በረዶውን እየቆረጡ 11 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከፈቱላት። ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ሕዝቡ በረዶው ላይ ቆሞ እየጮኸ ሲሸኛት፣ ሁለት ቀን ብቻ ዘግይታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ ሌላ መልክ ያዘ። በ1849 ለጀርመን ባሕር ኃይል ተሸጠች፤ ባርባሮሳ ተባለችና መድፍ ተጠመደባት። ቀጥሎ ለፕሩሲያ ባሕር ኃይል ተላልፋ የመርከበኞች ማደሪያ ሆነች። በ1880 የቶርፔዶ መለማመጃ ኢላማ ተደርጋ ሰጠመች። የስንቱን ናፍቆት የተሸከመች መርከብ መጨረሻዋ ይህ ሆነ።

ከታሪኳ ለቤታችን የምወስደው ቀጠሮዋን ነው። እናቶችን ያሳረፈው ፍጥነቷ ብቻ አይመስለኝም፤ ሊጠበቅ የሚችል ቀን መኖሩም ነው። በሥራ ዘመኔ «ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው የሚመጡ እናቶችን ግፊታቸውን ለክቼ ሳዋያቸው፣ «ልጄ ከደወለ ሦስት ሳምንቱ» የሚሉኝ ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ ስልኩ በእጃችን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ቀጠሮው ነው። ሲመቸው የሚደውል ልጅ፣ ባልተመቸው ሳምንት ሁሉ እናቱን ያስጨንቃል።

ስለዚህ ዓረብ አገርም ሆነ አሜሪካ ካሉ ልጆቻችሁ ጋር አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ቁረጡ። የሰዓት ልዩነቱን አስሉ፤ ፈረቃቸውን ጠይቁ። አምስት ደቂቃም ብትሆን ትበቃለች። መደወል ባይችል «ደኅና ነኝ» ብሎ እንዲጽፍ ተስማሙ። እናንተም በቀኑ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠብቁ። ቀጠሮ ለሁለቱም ወገን ነውና።