ስለ ውሰት በሬና ስለሚያስከትለው ክርክር

በደጋው አገር በሬን፣ ሞፈርን ወይም የዘር እህልን ከጎረቤቱ ሳይዋስና ሳያውስ ዓመቱን የሚገፋ ገበሬ ጥቂት ነው። ከዚህ መዋዋስ የሚነሣው ክርክርም በሽማግሌ ፊትና በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዘወትር ይሰማል። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሌባና ተሰራቂ አይደሉም፤ አበልጆች፣ አማቾች፣ ወይም በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ወዳጆች ናቸው። ጠባቸውም ከክፋት የመጣ ሳይሆን፣ በሬው በተሰጠበት ቀን መነገር የነበረበት ቃል ሳይነገር በመቅረቱ ነው። ሰጪው «ከወዳጄ ጋራ ምን ውል ያስፈልገኛል» ብሎ ይተወዋል፤ ተቀባዩም ቢጠይቅ ወዳጁን የተጠራጠረ እንዳይመስልበት ያፍራል። በሬው በደኅና የተመለሰ እንደ ሆነ ዝምታቸው ምንም አይጎዳቸውም። የሞተ ወይም የተሰበረ እንደ ሆነ ግን፣ ሁለቱም በልባቸው ይዘውት የነበረው ውል የተለያየ መሆኑን የሚረዱት ያን ጊዜ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ነገሩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ገንዘብና እህል ይበደሩታል፤ በሬና ሞፈር ግን ይዋሱታል። የተበደሩት ነገር ይበላል፣ ይዘራል፣ ይወጣል፤ የሚመለሰውም ዓይነቱና ልኩ እንጂ ያው ነገር አይደለም። የተዋሱት ግን ራሱ ይመለሳል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ ውሰትና ስለ አደራ ለየብቻው ይናገራል፤ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ልዩነት ጠብቋል። ልዩነቱ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የጥፋቱ ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። አንድ ቁና ጤፍ የተበደረ ሰው ጤፉ በእሳት ቢቃጠልበት ዕዳው አብሮ አይቃጠልም፤ ሌላ ቁና ፈልጎ ይከፍላል። በሬ የተዋሰ ሰው ግን በሬው ያለ ጥፋቱ ቢሞትበት ያንኑ በሬ ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

ጥያቄው ከጥንት የመጣ ነው። ኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ፣ ከባልንጀራው እንስሳ የተዋሰ ሰው እንስሳው ባለቤቱ በሌለበት ቢጎዳ ወይም ቢሞት እንዲከፍል፣ ባለቤቱ አብሮ ከነበረ ግን እንዳይከፍል፣ በኪራይ የተያዘ ከሆነም ጉዳቱ በኪራዩ እንዲታሰብ ያዝዛል። የዚህ ፍርድ ብልሃቱ በሁለት ጥያቄዎች ላይ መቆሙ ነው፤ ባለቤቱ ነበረን? ዋጋስ ተከፍሎበት ነበርን? ባለቤቱ ከበሬው ጋራ የዋለ እንደ ሆነ አለመመታቱን፣ ከቀትር በኋላ በፀሐይ አለመጠመዱን፣ ውኃ መጠጣቱን በዓይኑ ያያል። ራሱ ባየው ነገር ኋላ ሌላውን መክሰስ አይገባውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ መዋዋሱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ የሚያርሱበት ልማድ መቀናጆ ይባላል፤ በትግራይና በኤርትራ ደጋ ልፍንቲ ይሉታል። ከናካቴው በሬ የሌለው ሰው ደግሞ ጥማድ በሬ ወስዶ ያርስና ለባለበሬው በጉልበቱ ይሠራለታል፤ ወይም በመኸር የተወሰነ እህል ይሰፍርለታል። ይህ በስሙ ውሰት ቢባልም በሥራው ኪራይ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ እጅግ የበዛ ነው። በሬውን በነፃ የወሰደ ጎረቤት በነሐሴ ለአረም፣ በኅዳር ለአጨዳ ሁለት ሦስት ቀን መጥቶ ያግዛል። ይህ እገዛ ኪራይ ነው ወይስ ፍቅር? በሬው ሲሞት ባለቤቱ «በነፃ ሰጥቼህ ነበር» ይላል፤ ተዋሹ ደግሞ «ዋጋውን በጉልበቴ ከፍያለሁ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ በሬው ከበረት ሳይወጣ «ይህ በነፃ ነው» ወይም «ይህ በዚህን ያህል ቀን ሥራ ነው» ተብሎ ሁለት ሰው በሰማበት ሊነገር ይገባል።

አንድ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ለሁለት ቀን ተዋሰ እንበል። በሁለተኛው ቀን ማታ ዝናብ ዘነበና መሬቱን ለስልሶ ስላገኘው ሦስተኛ ቀን ጨመረ፤ ባለበሬውን ግን አላስፈቀደም። በሦስተኛው ቀን በሬው ገደል ገባ። ገደሉን ማንም ባይቆፍረውም ተዋሹ ከዕዳ አያመልጥም፤ በቀኑ መልሶት ቢሆን ኖሮ በሬው በዚያ ሰዓት በባለቤቱ ደጅ ነበረና። በሬውን ለተባለለት እርሻ ሳይሆን ለጭነት ወይም ለውቂያ ያዋለ፣ ወይም ለወንድሙ አሳልፎ የሰጠ ሰውም እንደዚሁ ነው። ሕጉም ተዋሹ የተዋሰውን በጥንቃቄ እንዲይዝና ለታሰበለት አገልግሎት እንዲያውለው ይፈልጋል። በአንጻሩ በሬው በተባለው ቀን፣ በተባለው እርሻ፣ እንደ ልማዱ ታርሶበት ማታ በድንገት ታሞ ቢያድር፣ በተዋሹ ላይ ሙሉውን ዋጋ መጫን ፍርድ አይሆንም። ባለቤቱ ባልነበረበት ጊዜ ሽማግሌዎች ጉዳቱን ለሁለት ቢያካፍሉት የሚነቀፉ አይደሉም።

በመቀናጆ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ፤ ይኸውም በሬው ያልሞተበት ሰው የሚያገኘው ጉዳት ነው። የጤፍ መሬት ሦስት፣ አራት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ጊዜ ይታረሳል። በሰኔ አጋማሽ ከጥማዱ አንዱ ቢሞት፣ የተረፈው በሬ ብቻውን ቀንበር አይሸከምም። በ1970ዎቹ ዓመታት ኢልካ ይባል የነበረው በአፍሪካ የከብት ሀብት ላይ የሚመራመር ዓለም አቀፍ ማእከል በአንድ በሬ የሚታረስበትን አጭር ቀንበር በአገራችን ሞክሮ ነበር፤ በገበሬው ዘንድ ግን እምብዛም አልተስፋፋም። ስለዚህ በሬው የሞተበትም፣ በሬው የቀረለትም ሰው በዚያ ዓመት መሬታቸው ጦሙን ሊያድር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ክርክር መሬቱ አስቀድሞ የታረሰለት ማን ነው የሚለው ነው። ተራው በቀን ሳይሆን በእርሻው ድግግሞሽ ቢቆጠር፣ ማለትም የሁለቱም መሬት አንድ ጊዜ ሳይታረስ የአንዱ ሁለተኛ እርሻ ባይጀመር፣ ድንገተኛ ጉዳት ቢመጣ አንዱ ጠግቦ ሌላው አይራብም።

ከሁሉ ይልቅ ባለሥልጣኖችም ገበሬዎችም ሊያስቡበት የሚገባው የማስረጃው ነገር ነው። በብዙ ስፍራ በውሰት ወይም በርቢ የተሰጠ ከብት ሲሞት ያዢው ቆዳውን ገፍፎ ለባለቤቱ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባለቤቱ ከቆዳው መልኩንና የጆሮውን ምልክት አይቶ፣ ከብቱ በስውር አለመሸጡን ያረጋግጣል። ገደል የገባ ወይም እግሩ የተሰበረ በሬ ሲሆንም ጎረቤት ሥጋውን በመደብ ተከፋፍሎ ይገዛል፤ ይህም ለጉዳተኛው መደገፊያ እንዲሆን የሚደረግ ደግነት ነው። በአደጋ ለተጎዳና በሕይወት ሳለ ለታረደ በሬ ሁለቱም ልማዶች ነውር የለባቸውም።

ነገር ግን በድንገት ለሞተ በሬ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። ደስታ የተባለው የከብት ቸነፈር በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ አባ ሰንጋ ግን ዛሬም አለ። በአባ ሰንጋ የተያዘ በሬ ጧት በደኅና ተጠምዶ ማታ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ሬሳው ፈጥኖ ይነፋል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈስሳል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ሳይታዩም በሽታው ሊኖር ስለሚችል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የሞተ ከብት ሁሉ እንደ አባ ሰንጋ ተቆጥሮ ቢያዝ መልካም ነው። የበሽታው ተሐዋስ ሬሳው ተቀዶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ በአፈር ውስጥ ብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል፤ በዚያ ስፍራ የሚግጥ ከብትም ከዓመታት በኋላ ይያዛል። ቆዳውን የገፈፈው ሰው በእጁ ላይ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣበታል፤ ሥጋውን የበላ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ተዋሽ ንጹሕነቱን ለማስረዳት ቆዳ ሲገፍፍ ራሱን፣ ቤተ ሰቡንና የባለበሬውን ቀሪ ከብት ለሞት ያጋልጣል። ቆዳ ካላየሁ አላምንም የሚል ባለበሬም፣ የሚጠይቀው ማስረጃ ከበሬው ዋጋ እንደሚበልጥ ሊያውቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የቆዳውን ቦታ የሚተካ ማስረጃ ያስፈልጋል። በሬው በድንገት የሞተ እንደ ሆነ ተዋሹ ሬሳውን ሳይነካና ሳያስነካ ወዲያው ለባለቤቱ ይላክበት፤ ሁለት ጎረቤትም ይጥራ። ባለቤቱና ምስክሮቹ በሬውን በወደቀበት፣ ሳይጠጉት፣ መልኩን፣ ቀንዱንና የጆሮውን ምልክት አይተው ቃል ይያዝ። በገጠርም ስልክ የያዘ ሰው አይታጣምና ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል፤ ፎቶግራፉ ከቆዳው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ሰዓቱንም ስፍራውንም ያሳያልና። የእንስሳት ጤና ሠራተኛም ይጠራ፤ በሽታውን ከማወቁም በላይ የእርሱ ቃል በሽማግሌ ፊት የማያዳላ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲያ ሬሳው ሳይጎተት በዚያው አጠገብ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ወይም ይቃጠላል። ውሻና ጅብ እንዳያወጡት ድንጋይ ይጫንበታል። ሽማግሌዎችም ቆዳ አልቀረበም ብለው በተዋሹ ላይ እንዳይፈርዱ፣ ቆዳ እንዳይገፈፍ የከለከለው ዕውቀት መሆኑን የወረዳው የግብርና ሠራተኞች በየቀበሌው ሊነግሯቸው ይገባል። የአባ ሰንጋ ክትባት በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በሬውን ለማዋስ ያሰበ ሰው አስከትቦ ቢሰጥ፣ የሚዋሰውም «ተከትቧልን?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ማጣመድ ሁለቱን በረቶች ማገናኘት ነውና።

የመሣሪያው ክርክር ከዚህ ይቀልላል። ማረሻ በእርሻ ይበላል፤ ተዋሹ በልቶት የመለሰው ማረሻ ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ብዙ ቀን ያረሰበት ሰው ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ አስቀጥቅጦ ቢመልስ ተገቢ ነው። የተሰበረ ሞፈር ግን ሌላ ነው፤ እንጨቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ እንደ ነበረ የሚያስረዳው ሲወሰድ አይቶት የነበረ ሰው ብቻ ነውና ሲሰጥ በብርሃን መታየት አለበት።

በገንዘብ ብድር ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ደንግጓል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን በበዓል ገበያ አንድ ዶሮ ለመግዛት አይበቃም። ስለዚህ «ሰው ሰምቷል» ብሎ ያለ ጽሑፍ ያበደረ ገበሬ አሥር ምስክር ቢያቆም፣ ተበዳሪው ከካደና ከማለ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ የሁለቱ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ከነምስክሮቹ ያለባት፣ በዚህ ጊዜ ከአሥር ሰው ትበልጣለች።

የእህል ብድር ጠብ ደግሞ በቁናው አፍ ላይ ነው። አበዳሪው ቁናው እስኪከመር ሰፍሬ ሰጠሁ ይላል፤ ተበዳሪው በአፉ ልክ አስተካክሎ ይመልሳል። በዚያው ቁና፣ በዚያው አሰፋፈር መመለስ ይህን ይቆርጠዋል። ከዚህ የሚከብደው የጊዜው ልዩነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ባዶ ሆኖ እህል በተወደደበት ወራት የተሰጠ ቁና፣ በጥር አውድማ ሞልቶ እህል በረከሰ ጊዜ ሲመለስ ልኩ አንድ ሲሆን ዋጋው አንድ አይደለም። አበዳሪው በዚህ የሚያዝን ከሆነ በነሐሴ መናገር ነበረበት፤ በጥር ጭማሪ ቢጠይቅ ግን ወዳጁ እንደ አራጣ በላ ይቆጥረዋል። ለዘር የተሰጠ እህልማ ለምግብ ከተሰጠው ይለያል። ሰርገኛ ጤፍ የተቀላቀለበት ነጭ ጤፍ ለእንጀራ ይበቃል፤ ለዘር ግን አይሆንም። ዘር የተበደረ ገበሬ ከማሳው ውስጥ ንጹሑን ክፍል ሳይታጨድ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ለብቻው አጭዶ፣ በተጠረገ አውድማ ለብቻው ይወቃዋል፤ የአበዳሪውንም ድርሻ ከሌላው ምርት ጋራ ሳይደባለቅ ሰፍሮ ያስቀምጣል።