ባትሪው ሲሞቅ ቮልቱ ይቀንስ

ሶላር የምታስገጥሙ ልብ በሉ፦ ለሰመራ ሙቀትና ለደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ዓይነት የቻርጅ ቮልት አይሆንም።

ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14.4 ቮልት ይሞላል። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ በየዲግሪው 0.024 ቮልት ገደማ መቀነስ አለበት። በ40 ዲግሪ ልኩ ወደ 14.04 ይወርዳል፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 14.76 ይወጣል።

ካልተቀነሰስ? የሞቀ ባትሪ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ከረንቱ ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል። የባትሪው ውሃ ያልቃል፤ ድራይ ባትሪ ከሆነ ጎኑ ያብጣል። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ከክፍሉ አየር 4 በመቶ ከደረሰ ለፍንዳታ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ምን ይደረግ?

✅ ቮልቱን የሚያስተካክለውን የቻርጀሩን የሙቀት ሴንሰር ግድግዳ ላይ ሳይሆን ባትሪው ጎን ላይ ለጥፉ። ባትሪዎቹ ብዙ ከሆኑ መሃል ያለውን ምረጡ፤ ቶሎ የማይበርደው እሱ ነው።
✅ ባትሪው 50 ዲግሪ ከደረሰ ቻርጁን አቁሙ፤ እስኪበርድ ጠብቁ።
✅ ክፍሉ ከላይ በኩል የአየር መውጫ ይኑረው፤ ሃይድሮጅን ወደ ላይ ነው የሚሄደው።
✅ ገመዱን ከባትሪው ከመንቀላችሁ በፊት ቻርጀሩን አጥፉ።

አምራቹ የጻፈው ቁጥር ከዚህ ከተለየ የአምራቹን ተከተሉ።