ጥንብ አንሳ ቆጣሪዎች ሆይ፣ በድኑን አትንኩ

ለዲክሲስ፣ ለአሰላና ለአካባቢው ወጣቶች፦ ጥንብ አንሳ ለመቁጠር በፈቃዳችሁ መውጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ሰሞኑን ሥራ ላይ ያየሁት ግን አስደንግጦኛል። ቆጣሪ ልጆች የሞተ በሬ እግር ይዘው እያገላበጡ፣ አሞራው የበላበትን ቦታ ፎቶ ያነሳሉ። ከበሬው አፍንጫ ጥቁር ደም ይወርዳል፤ የአንዱ ልጅ እጅጌ በደሙ ርሷል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ይህን አይቼ ዝም አልልም።

ስለ ጫማና ስለ ውሃ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ያዙ።

1. ከሩቅ ሆናችሁ በቢኖኩላር ቁጠሩ። ዝርያውን፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግባችሁ ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ አስገቡ። ተጠግታችሁ አሞራውን ካስነሳችሁት ቆጠራውም ይበላሻል።

2. ብቻችሁን አትውጡ። ቢኖኩላር አንግቶ በስንዴ ማሳ ዳር የሚዞር እንግዳ ያስጠረጥራል። ለቀበሌው አሳውቁ፣ ባለማሳውን አስፈቅዱ።

3. በድን አትንኩ። ድንገት የሞተ፣ ሆዱ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈሰው ከብት ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አባ ሰንጋ ነው። ጀርሙ ባልተከፈተ በድን ውስጥ ከብስባሹ ጋር ይሞታል። ቆዳው ተቀዶ ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ስፖር ይሠራና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ በድን ለአሞራም አይተውም። ቆጠራውን አቁማችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ፤ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት።

በሽታው በትንሽ ጭረት ይገባል። መጀመሪያ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፣ ከዚያ መሃሉ ጥቁር የሆነ፣ የማያም ቁስል ይሆናል። ቶሎ ጤና ጣቢያ የደረሰ በአንቲባዮቲክ ይድናል። «አረቄ ይገድለዋል» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ! አረቄ ስፖር አይገድልም። «ሳይሞት ደርሰን ባረክነው» ብሎ የታመመ ከብት ሥጋ መከፋፈልም ቤተሰብ ይጨርሳል።

አባ ሰንጋ በአገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ ካለባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ሪፖርት ስናደርግስ? ናሙና ልከን መልስ ያጣንበት፣ ክትባቱ ከብቱ ካለቀ በኋላ የደረሰበት ጊዜ አለ። የእንስሳት ጤናው ለብቻው፣ የሰው ጤናው ለብቻው ይሰበሰባል፤ በመሃል ገበሬው ከብቱን ይገፍፋል። ነዳጅ የለም ይሉናል። በሽታው ነዳጅ አይጠብቅም!

ከበሽታው ሌላ መርዝም አለ። በበድን ዙሪያ ውሻ፣ ጅብና አሞራ አብረው ወድቀው፣ ዝንቡ ሳይቀር ሞቶ ካያችሁ የተመረዘ ነው። የሞተ አሞራ በባዶ እጅ አታንሱ። ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ከብትና ውሻ አርቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል፤ በየከተማችን ቄራ የምናየው ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው ሁድድ አንዱ ነው። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ከተሞች ባለቤት አልባ ውሻ በስትሪክኒን መርዝ ሲገድሉ፣ ያንን ውሻ የበላ አሞራ አብሮ ይሄዳል። ውሻ ማስከተብ እያለ መርዝ መበተን ምን ይሉታል?

«ጥንብ አንሳ በሽታ ያዛምታል» የምትሉም ህንድን እዩ። ለከብት ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት አሞራውን ፈጀው፣ ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፣ ውሻው በዛ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 በዚህ ምክንያት ወደ 48,000 ተጨማሪ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሞተ ተመራማሪዎች ገምተዋል። እናንተንም ቆጠራ ላይ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። ጠበል እሄዳለሁ የሚልም ክትባቱን ይውሰድ።

የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ሳትይዙ አትውጡ። ቆጠራችሁ ያስፈልገናል፦ መርዙ ይቁም ብለን ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠየቀው «ስንት ነበር፣ ስንት ቀረ?» ነው፤ ያንን መመለስ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በጤና ቁጠሩ።