የጎደለው ሰዓት፦ ወደ ነርስነት ትምህርት የሚመለሱ ወላጆችና የአጥቢያው ድርሻ

በየአጥቢያችን በጤና ጣቢያ ወይም በግል ክሊኒክ ለብዙ ዓመታት በዲፕሎማ ነርስነት ያገለገሉ፣ ትዳር መሥርተው ልጆች የሚያሳድጉ፣ ዕድሜያቸውም ወደ አርባ የተጠጋ ምእመናን አሉ። ከእነርሱ መካከል ሙያቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ወስነው በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር እንደገና ተማሪ የሚሆኑ አሉ። ሰበካ ጉባኤያትም እንዲህ ያለውን ምእመን ለመደገፍ ሲነሡ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስቡት የመመዝገቢያውን ገንዘብ ነው። ገንዘብ በእርግጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥራና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ከገንዘብ ባላነሰ የሚቸገረው በሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ አጥቢያ ከማንኛውም ተቋም ይልቅ ሊሰጠው የሚችለው ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱ ምን እንደሚጠይቅና አጥቢያው በምን ሊያግዝ እንደሚችል በአጭሩ ያስረዳል።

ትምህርቱ ምን ይጠይቃል?

የነርስነት ትምህርት በንባብ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በክፍል የሚሰጠው ሲሆን ስለ ሰውነት አካላት አሠራር፣ ስለ በሽታዎችና ስለ መድኃኒቶች ያስተምራል። ሁለተኛው በሠርቶ ማሳያ ክፍል የሚደረግ ልምምድ ነው። ሦስተኛው በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ በሕሙማን አጠገብ ቆሞ በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር የሚፈጸም የተግባር ልምምድ ነው። ይህ ሦስተኛው ክፍል ተረኝነት አለው፤ በሌላ ሰው ማስታወሻ ወይም በቤት ውስጥ ጥናት ሊተካ አይችልም።

ወደ ትምህርት የሚመለስ ጎልማሳ ከወጣቱ ተማሪ የሚበልጥበት ነገር አለ። የታመመ ሰው ሲፈራ፣ ቤተሰብ ሲጨነቅ፣ ወላድ ስትደክም አይቶ ያውቃል። የሚከብደው ሌላ ነው። የከፍተኛ ትምህርት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ለዓመታት ያላነበቡትን ቋንቋ መልሶ መልመድ ጊዜ ይወስዳል። የሒሳብ ስሌትም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ አንድ ሐኪም ለአንድ ሕፃን 250 ሚሊግራም መድኃኒት ያዘዘ እንደ ሆነና በጠርሙሱ ላይ በየ5 ሚሊሊትሩ 125 ሚሊግራም እንዳለ ከተጻፈ፣ ለሕፃኑ የሚሰጠው 10 ሚሊሊትር ነው። ስሌቱ ቀላል ይመስላል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ፣ ልጁ በቤት የታመመበት ሰው ግን ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱም በሕፃን ሕይወት ላይ የሚደርስ ነው። ስለዚህ የተማሪው ዕረፍትና የጥናት ጸጥታ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የሕሙማን ደኅንነት ጉዳይ ነው።

በመጨረሻም ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። የዓመታት ድካም ፍሬ የሚያገኘው ይህ ፈተና ሲታለፍ በመሆኑ፣ ከፈተናው በፊት ያሉት ወራት ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የሚሹ ናቸው።

የአንድ ሳምንት ሒሳብ

በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት በዓይነ ኅሊናችን እናስብ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። በየሌሊቱ 7 ሰዓት ብትተኛ 49 ሰዓት ይሄዳል። ምግብ ለማብሰል፣ ልብስ ለማጠብና ልጆችን ለመንከባከብ በቀን 5 ሰዓት ብናስብላት 35 ሰዓት ይሆናል። ለመንገድ 10፣ ለቅዳሜና እሑድ ትምህርት 12፣ ክፍል ውስጥ የተማረችውን ለማጥናት ሌላ 12 ሰዓት እንጨምር። ድምሩ 166 ነው። የቀራት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቅዳሴ፣ ሰንበቴ፣ ለቅሶ፣ የታመመ ልጅና የተግባር ልምምድ ገና አልገቡም። ጎረቤት ሞቶ ቀብር ብትውል የሳምንቱ ጥናት ይቀራል፤ ከቀብር ብትቀር ዕድሩ ይቀጣታል፣ ሰውም ይታዘባታል። ይህች እናት አንድ ቀን ትምህርቱን ብታቆም ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሰዓቱ ስላልበቃት ነው። አባትም በእርሷ ቦታ ቢሆን የቤቱን ሥራ እስከተካፈለ ድረስ ሒሳቡ ብዙ አይለወጥም። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ድርሻ በግልጽ ተነጋግረው እስካልያዙ ድረስም የአጥቢያው እገዛ ብቻውን አይበቃም።

የእሑድ ጥያቄ

ካህናት በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት የእሑድን ጠዋት ሊይዝ ይችላል። በየሳምንቱ ታስቀድስ የነበረች እናት ከቤተ ክርስቲያን ስትጠፋ፣ ማኅበርተኞቿ እምነቷ እንደ ቀዘቀዘ ያስባሉ፤ እርሷም ኀፍረት ተሰምቷት ከንስሐ አባቷ ትሸሻለች። በሚያስፈልጋት ጊዜ ከአጥቢያዋ የምትርቀው እንዲህ ነው።

የንስሐ አባት ቀድሞ ቢጠይቃት መንገድ አይጠፋም። በመጀመሪያ ኮሌጁ ትምህርቱን ከቅዳሴ በኋላ ሊያደርግ ይችል እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ተባብረው እንዲጠይቁ መምከር ይቻላል። ካልሆነም በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሆን፣ በተረኝነት የምትሠራ ነርስ በዕረፍት ቀኗ ልትደርስ ትችላለች፤ በወርኃዊ በዓላትም እንዲሁ። ሌሊት ተረኛ ሆና የምታድር ነርስ የጾሟንና የጸሎቷን ሥርዓት ለብቻዋ ተጨንቃ ከምትወስን ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር ይሻላል።

አጥቢያው ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንደኛ፣ የጥናት ቦታ። ብዙ አጥቢያዎች በሥራ ቀናት ማታ ባዶ የሚሆን አዳራሽ አላቸው። መብራት፣ ጠረጴዛና ጸጥታ ያለበት አንድ ክፍል በሳምንት ሦስት ምሽት ክፍት ቢሆን፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከልጆቿ ጋር ለምትኖር እናት ትልቅ እገዛ ነው።

ሁለተኛ፣ የልጆች ጥበቃ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተማሪዋን ልጆች የቤት ሥራ ሊያሠሯቸው ይችላሉ። ትንንሾቹን ግን ሁልጊዜ ከሁለት ባላነሱ፣ በሰበካ ጉባኤው በታወቁ እናቶች ኃላፊነት ሥር ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከዕድርና ከማኅበር ጋር መነጋገር። ሰበካ ጉባኤው የዕድሩን ዳኛ አነጋግሮ ተማሪዋ በፈተናና በተግባር ልምምድ ሳምንታት ያለ ቅጣት እንድትቀር ማስፈቀድ ይችላል። የማኅበር ወይም የሰንበቴ ተራዋም ወደ ዕረፍት ጊዜዋ ቢዛወርላት አንድም ብር ሳይወጣ ብዙ ሰዓት ይተርፋታል።

አራተኛ፣ ገንዘብን በየወሰነ ትምህርቱ ከፋፍሎ መስጠት። ሙሉውን ድጋፍ በምዝገባ ቀን መስጠት ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ተማሪዋ ግን ኋላ የትራንስፖርት፣ የነጭ ጋዋንና የፈተና ክፍያ ሲመጣባት ባዶ እጇን ትቀራለች። ለልምምድ ወራት የሚሆን መጠባበቂያ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ገንዘቡ በተዘዋዋሪ ብድር መልክ ከሆነም መመለሻው ከምረቃ በኋላ እንዲጀምር በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ከክፍያ በፊት ማጣራት። ኮሌጁ በዚያው የትምህርት መስክ፣ በዚያው ግቢና በዚያው የትምህርት መርሐ ግብር ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይገባል። የተግባር ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታልና በምን ሰዓት እንደሚሰጥም መጠየቅ አይዘንጋ። ዕውቅና በሌለው ተቋም የባከነ ዓመት ለጎልማሳ ተማሪ በቀላሉ አይመለስም።

ስለ ምን እንድከም?

በአጥቢያው ቤት ያላትና ልጆቿን በዚያ የምታስተምር ነርስ ዕውቀቷን ይዛ በዚያው የመቆየቷ ተስፋ ትልቅ ነው። ነፍሰ ጡሯ የደም ግፊቷ ከፍ ሲል ፈጥና ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ የምትነግራት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አረጋዊ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ የምትመክራቸው፣ ጸበልና ሕክምና እንደማይጣሉ ለቤተሰብ በሚገባው ቋንቋ የምታስረዳው ይህች ነርስ ናት።

ጌታችን በምሳሌ ያስተማረን ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቁስሉን አሥሮ ብቻ አልተወውም። ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ሌሊቱን ጠበቀው፣ በማግሥቱ ከፈለለት፤ ሲመለስም የጎደለውን እንደሚሞላ ቃል ገባ። የእርዳታው ምሉዕነት በመመለሱ ላይ ነው። እኛም በምዝገባ ቀን የረዳናትን እናት በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ፣ ደክማ ልታቆም በምታስብበት ሳምንት፣ ተመልሰን ብንጠይቃት እርዳታችን ፍጹም ይሆናል። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በአጥቢያው ውስጥ የሚማሩ ወላጆች እነማን እንደ ሆኑ ይመዝገብ፤ ከእያንዳንዳቸውም ጋር ተቀምጦ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደጎደላቸው ይጠየቅ። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።