ክንፉ ሲከፈት ውድድሩ ይደምቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 አቡዳቢ ላይ ፈርናንዶ አሎንሶ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን አራተኛ መውጣት ይበቃው ነበር። ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ግን የሬኖው ሩሲያዊ ቪታሊ ፔትሮቭ ከፊቱ ተደቀነበት። የፌራሪው ኮከብ 40 ያህል ዙር ሲያሳድደው ቢውልም ማለፍ አልቻለም። ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውንም ሴባስቲያን ፌትል በአራት ነጥብ በልጦ ወሰደበት። አሎንሶ ከውድድሩ በኋላ ፔትሮቭ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ታይቷል።

ፔትሮቭ ግን ምንም አላጠፋም። ጣጣው ያለው አየሩ ላይ ነው። የፎርሙላ ዋን መኪና ኩርባ ላይ መሬት ቆንጥጦ የሚይዘው በክንፎቹ በሚያልፈው ንፋስ ነው። የፊተኛው መኪና ንፋሱን በጥብጦ ስለሚለቀው የሚከተለው ይንሸራተታል፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል።

ለዚህ ችግር ቀደም ብሎ የታሰበው መፍትሔ በ2011 ሥራ ላይ ዋለ፤ «ዲ.አር.ኤስ.» ይሉታል። ከፊቱ ወዳለው መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተጠጋ ሾፌር በተፈቀደለት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የኋላ ክንፉን ከፍቶ ይፈተለካል። የሚከላከለው ግን እሱም ሌላ የሚያሳድደው ከሌለ መክፈት አይችልም። በኳስ ቋንቋ፣ አጥቂው ሳጥን ውስጥ ሲገባ የተከላካዩን እግር እንደማሰር ነው።

መቀዳደሙ በዛ፤ ማጉረምረሙም አብሮ መጣ። «ይኼማ አውራ ጎዳና ላይ መቅደም ነው» ያሉ ጥቂት አይደሉም።

እውነትም የ2005ቱን ኢሞላ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሚካኤል ሹማከር በፈጣን ፌራሪው በመጨረሻዎቹ ዙሮች የአሎንሶን ሬኖ ጅራት ጅራቱን ተከተለ። ግራ ሞከረ፣ ቀኝ ሞከረ፣ አልሆነም። አሎንሶ በ0.215 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያ ፍልሚያ ሹማከር አሎንሶን አንዴም አልቀደመውም፤ ውድድሩ ግን እስካሁን ይወራለታል።

ዲ.አር.ኤስ. ከ2025 የውድድር ዘመን በኋላ ቀርቷል። በ2026 ደንብ ክንፍ ማንቀሳቀስ ለሁሉም ተፈቅዶ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለተጠጋ አሳዳጅ ደግሞ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ጉልበት ይሰጠዋል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ለአሳዳጅ ማድላቱ ያው ነው።

ግብ ስለበዛ ብቻ ጨዋታ አያምርም። ተመልካች ልቡ የሚንጠለጠለው «ያልፈው ይሆን?» ሲል ነው። እንደሚያልፈው አስቀድሞ ካወቀማ ፊቱን አዙሮ ማኪያቶ ያዛል።